የወንድሟ ክፍል

ኤሊስን በገዛ እጇ ያስተኛቻት ኬንድራ ነች። ጫማዋን አወለቀችላት፤ ብታስመልስ እንዳያንቃት በጎኗ አዞረቻት፤ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችላት። በቤቱ ካሉት ክፍሎች ሁሉ የወንድሟን ክፍል የመረጠችውም እሷው ነች። «እዚህ ማንም አይነካሽም» አለቻት፤ ኤሊስ ትስማት አትስማት ግን አላወቀችም።

ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የነጻ ትግል ቡድኑ ልጆች ተከራይተው የሚኖሩበት ነው። የዚያን ቅዳሜ ቡድኑ በሜዳው አሸንፎ ስለነበር የከተማው ወጣት ሁሉ እዚያ ታጭቆ ነበር። ዌልስፎርድ እንዲህ ናት። ዙሪያዋን የኔብራስካ የበቆሎ ማሳ ነው፤ በክረምት ደግሞ ማሳው ባዶ በረዶ ይሆናልና ሰው ከቤቱ የሚወጣው ወይ ለቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ለትግል። የኬንድራ ወንድም ጋሬት ህሩስካ የዚህ ሁሉ ሕዝብ ልጅ ነበር። ሱቅ ሲገባ አዛውንቶች ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ ቁርስ ቤት ሲቀመጥ አስተናጋጇ ሳይጠይቃት እንቁላል ትጨምርለታለች። የመጨረሻ ዓመቱ ስለነበር በመጋቢት የአገር አቀፉን ሻምፒዮና ይወስዳል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም።

ኬንድራ ታናሹ ነች። በዩኒቨርሲቲው የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ኳስ አመቻቺ ነበረች። ኤሊስ ቶርቫልድ ደግሞ እሷ ያመቻቸችውን ኳስ የምትመታ፣ ከሚኒሶታ የመጣች ረጅምና ሳቂታ ልጅ። ሁለቱ ሜዳ ላይ ሳይነጋገሩ ነበር የሚግባቡት። ከሜዳ ውጪም ቢሆን አንዷ ካለች ሌላዋ አትጠፋም።

የዚያን ዕለት መኪና የመንዳቱ ተራ የኬንድራ ስለነበር አፏ ላይ ጠብታ አላደረገችም። ኤሊስ ግን ማንም ሳያያት ከልክ አልፋ ጠጥታ ኖሮ፣ ኬንድራ ስታገኛት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። መኪናው ውስጥ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ነበሩ። በደረጃው ተሸክማ ማውረዱም የሚሆን አልሆነላትም። ስለዚህ አስተኝታት ወደ ኩሽና ወረደችና ወንድሟን ፈለገችው።

«ኤሊስ አንተ ክፍል ተኝታለች። ራሷን አታውቅም። አንተ ሶፋው ላይ ተኛ፤ ማንም እንዳይገባ።»

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አላት ጋሬት።

ጠዋት ልትወስዳት ስትመለስ ኤሊስ የለችም። ጫማዋ ግን አልጋው ሥር እንዳለ ነው። ጋሬት ምድጃው ላይ እንቁላል እየመታ፣ ሳይዞር «ሄዳለች» አላት። ኬንድራ ጫማውን አንጠልጥላ፣ ልታሾፍባት እየተዘጋጀች ወደ ማደሪያው ሄደች። ኤሊስ በሩን በጠባቡ ከፈተች፤ እጇን ዘርግታ ጫማውን ተቀበለችና መልሳ ዘጋችው። 

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ላይ ኬንድራ ኳስ ስታነሳላት በሰዓቱ አትዘልም። ወይ ዘግይታ ትዘላለች ወይ ጭራሽ ቆማ ታየዋለች። «ምን ሆነሻል?» ስትላት «አሞኝ ነው» ነው መልሱ። ኬንድራ ነገሩን የሰማችው ከእሷ አይደለም፤ ከወንድሟ ነው።

ጋሬት ደውሎ ከጂምናዚየሙ ኋላ ያለው መኪና ማቆሚያ እንድትመጣ ጠየቃት። ፒክአፑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሞተሩ አልጠፋም።

«ያቺ ጓደኛሽ ከሰሰችኝ» አላት።

«ምን ብላ?»

ነገራት። ኬንድራ መጀመሪያ ያልገባት መስሏት እንደገና አስደገመችው።

«ጋሬት፣ ማንም እንዳይገባ ብዬህ ነበር እኮ።»

«ማንም አልገባም። እኔ ነኝ የገባሁት፤ ክፍሌ እኮ ነው። ሶፋው ላይ ሌሎች ተኝተውበት ነበር። ሰዓታት አልፈዋል፤ ነቅታ ነበር። ፈልጋ ነው። አሁን ጠዋት ሲነጋ አፈረችና ነገር ለወጠች። ኬን፣ ታውቂኛለሽ። እኔ እንደዚያ ነኝ?»

ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ከጎረቤት ውሻ ያስጣላት፣ መኪና መንዳት ያስተማራት፣ የመጀመሪያ ጓደኛዋ ሲተዋት ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ያነጋገራት እሱ ነው። «አይደለህም» አለችው። ስትለውም ከልቧ ነበር። ከመኪናው ወርዳ ስትሄድ ግን ያ ጫማ ትዝ አላት። በዚያ ብርድ፣ በበረዶ መሐል፣ በካልሲ ብቻ ወደ ቤቷ የሄደች ሰው ምን ቢያጋጥማት ነው ጫማዋን ለመፈለግ እንኳ ያልቆመችው?

ዩኒቨርሲቲው አጣሪ መደበ። አጣሪዋ ሁሉንም ተራ በተራ ጠራች፤ ኬንድራም ሄዳ ያየችውን ነገረች፤ ስላላየችው ግን «አላውቅም» አለች። ጉዳዩን የሚሰማው ጉባኤ የካቲት ላይ ይቀመጣል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወደ መጋቢት መጨረሻ ተገፋ። የተገፋበትን ምክንያት ለኬንድራ የነገሯት ሚስተር ዱኬት ናቸው፤ የስፖርት ክፍሉ ምክትል ኃላፊ፣ ሁልጊዜ ከረሜላ የሚያላምጡ፣ የእያንዳንዱን ስፖርተኛ ወላጅ በስም የሚያውቁ ሰው።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሏት ቢሯቸው ስትገባ። «ምን ብለሽ ተናገሪ ልልሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። እኔ የማስበው ስለ ሁላችሁም ደኅንነት ነው። ከሻምፒዮናው በኋላ ቢሆን ሁሉም ረጋ ብሎ ያስባል።»

«ኤሊስም ትረጋጋለች ማለትዎ ነው?»

«እሷንም እየተንከባከብናት ነው። የምግብ ሰዓቷን ለይተንላታል፤ ከእሱ ጋር እንዳይገናኙ።»

«የማን ሰዓት ነው የተቀየረው?»

ሚስተር ዱኬት ከረሜላውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዞሩት። «የእሱ ልምምድ የጠበቀ ነው። አንቺም ስፖርተኛ ነሽ፤ ይገባሻል። ደግሞ ኬንድራ፣ ሰው የማያውቀውን ባይጨምር ጥሩ ነው። ‹ራሷን አታውቅም› የሚለው ከባድ አነጋገር ነው። የሐኪም አነጋገር ነው። ሰው ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል... ይኸው ነው።»

እሑድ አባቷ ሌላንድ ከእርሻው መጣ። ቁርስ ቤት ተቀመጡ፤ በፊታቸው የቀረበውን ኮላቼ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ ማንም አልነካውም። ሌላንድ በወጣትነቱ ራሱ ትግል የታገለ፣ ጆሮዎቹ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ አበባ ጎመን ያበጡ፣ አሳማ አርቢ ነው። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን ለቀናት ሲያሰላስለው የቆየውን ነው።

«ወንድምሽ ስህተት ሊሠራ ይችላል» አለ። «ከጋብቻ በፊት ከሴት ጋር አልጋ ውስጥ መገኘቱ ስህተት ነው፤ ነግሬዋለሁም። ግን ይሄ የሚሉት ነገር ሌላ ነው። ይሄ ዕድሜ ልክ የሚከተለው ስም ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ልጅቷ ደክሟት ነበር አይደል?»

«ሰክራ ነበር።»

«ደክሟትም ነበር።»

«ደክሟትም ነበር።»

«እሱን በይ እንግዲህ። ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም። ከሁለቱ እውነት አንዱን ነው ያልኩሽ።»

ኬንድራ አባቷን አየችው። ዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። በዕድሜዋ አንድም ቀን ሲለምን አይታው አታውቅም ነበር። እየለመናት ነበር። ኬንድራ ቡናዋን አንስታ ጠጣች።

በዚያው ሳምንት የማደሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከኤሊስ ጋር ተገጣጠሙ። ኬንድራ ወጥታ ልትሄድ ስትል ኤሊስ ናት «ቆዪ» ያለቻት። ማሽኑ ይንገጫገጫል። ኤሊስ ከስታለች፤ የቡድኑ ሹራብ ከትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ስምሽን ለምስክርነት ሰጥቻለሁ» አለች። «ምን እንደምትዪ አላውቅም። ልጠይቅሽም አልፈልግም። እሱ ወንድምሽ ነው።»

«ኤሊስ...»

«አንድ ነገር ብቻ። በሩን ለምን አልቆለፍሽውም?»

«በውጪ በኩል ቁልፍ የለውም። የሚቆለፈው ከውስጥ ነው።»

«ታዲያ ቆልፊው ለምን አላልሽኝም?»

«እንዴት አድርገሽ? ተነስተሽ በሩ ድረስ መሄድ አትችዪም ነበር እኮ።»

 ኤሊስ ልብሷ ገና እርጥብ እንደሆነ ከማሽኑ አውጥታ ቅርጫት ውስጥ አጨቀችው።

«ይሄን ያህል ታውቂያለሽ» አለች። «እኔ ይሄን ያህል እንኳ አላውቅም። የማስታውሰው ክብደት ነው። ከዚያ ጠዋት ነው። ሁሉም ሰው ፈቅደሽ ነበር ወይ ይለኛል። እኔ እኮ የለሁም፣ ኬንድራ። ማን ይፈቅዳል?»

ቅርጫቱን ይዛ ወጣች።

ከትምህርት ቤት ጊዜያቸው ጀምሮ ጋሬት ለውድድር ክብደት ሲቀንስ አጠገቡ ተቀምጣ የምታጫውተው ኬንድራ ነበረች። ጠባብ ክፍል ውስጥ ማሞቂያው እስከ ጥግ ይከፈታል፤ እሱ ከሹራቡ ሥር ላስቲክ ልብስ ለብሶ ከቦታው የማይነቃነቅ የልምምድ ብስክሌት ይነዳል፤ እሷ ደግሞ የመጣላትን እያወራች ጥሙን ታስረሳዋለች። ሻምፒዮናው ሲቃረብም ጠራት፤ ሄደች። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም። ምናልባት የአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ነገሩ ያልተፈጠረ መስሎ እንዲታያት ፈልጋ ይሆናል።

ጥቂት ስለ ቤት አወሩ፤ ስለ እናታቸው ጉልበት፣ አባታቸው ሊሸጠው ስላሰበው ትራክተር። ከዚያ ወሬው አለቀ። የፔዳሉ ድምፅ ብቻ ቀረ። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «የቀጠርከው ጠበቃ ያስጠናህን አይደለም።»

«ነገርኩሽ እኮ። ነቅታ ነበር።»

«እንዴት አወቅክ?»

«አወራችኛ።»

«ምን አለችህ?»

«ምን ትላለች...» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «‹ኬንድራ፣ አንቺ ነሽ?› አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ራሷን የማታውቅ ሰው ቦታ ትለቃለች? እስቲ አንቺ ፍረጂ።»

ኬንድራ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ ምን አልካት?»

«እ?»

«አንቺ ነሽ ስትልህ። ምን ብለህ መለስክላት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።»

እግሩ አልቆመም። ፊቱ ላይ የተለየ ነገር አልነበረም፤ ያው ክብደት የሚቀንስ ሰው ድካም ነው። የተናገረው ለእሱ መከላከያው ነበር። የሚያድነው ማስረጃ አድርጎ ነበር የያዘው። ኬንድራ ይህንን ከፊቱ ላይ ስታነብ ከሰማችው ቃል ይልቅ እሱ አስፈራት። ተነስታ ወጣች። «የት ነው?» ሲላት ሰምታዋለች። የውጪው ብርድ ላቧን ቆዳዋ ላይ አደረቀው።

ለእናቷ ደወለች። እናቷ ኖርማ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ኬንድራ ሁሉንም ነገረቻት። የውሃው ድምፅ ቆመ።

«ይሄን ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አልነገርኩም።»

«ንገሪም አትንገሪም አልልሽም። ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ፤ ይሄንን ከእኔ አትጠብቂ።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ለአባትሽ ግን በስልክ አትንገሪው። መንገድ ላይ ሆኖ እንዳይሰማው።»

ሻምፒዮናው ተካሄደ። ጋሬት እስከ ፍጻሜው ደረሰና በፍጻሜው ተሸነፈ፤ ሁለተኛ ወጣ። ሲመለስ ሕዝቡ በእሳት አደጋ መኪና ጥሩንባ ተቀበለው። ኬንድራ የማደሪያዋን መስኮት ዘግታ ተቀመጠች። ያን ያህል ጊዜ የተጠበቀው ለዚህ ነበር። ኤሊስ ይህን ሁሉ ሳምንት ብቻዋን ስትበላ የከረመችው ለዚህ ነበር።

ጉባኤው የተቀመጠው በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሕንፃ፣ ረጅም ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰብሳቢዋ ዩኒቨርሲቲው የቀጠራቸው ጡረተኛ ዳኛ ወይዘሮ ፔል ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ማንንም የማያቻኩሉ ሴት። ጋሬት ከጠበቃው ከሚስተር ስታንተን ጋር በአንድ ወገን ተቀምጧል፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አንገቱ ከኮሌታው አልፎ። ኤሊስ ሌላ ክፍል ሆና በግድግዳው ስክሪን ላይ ትታያለች። ሌላንድ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ኬንድራ ስታልፍ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀና ብሎ አያት።

ሚስተር ስታንተን ትሑት ሆኖ ጀመረ።

«ሚስ ህሩስካ፣ የሕክምና ትምህርት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ‹ራሷን አታውቅም› ያሉት በምን ሙያዎ ነው?»

«ጫማዋን ሳወልቅላት እግሯን ማንሳት አልቻለችም። እኔ ነኝ ያነሳሁላት።»

«ታናግርዎት ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አለችዎት?»

«‹ለኮች እንዳትነግሪብኝ› አለችኝ።»

ሚስተር ስታንተን ይህንን የጠበቀው ይመስል ቆም አለ። «አሰልጣኝ እንዳላት ታውቃለች። መጠጣቷ እንደሚያስቀጣት ታውቃለች። እንዲደበቅላት ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ የሚያመዛዝን ሰው ራሱን አያውቅም ይባላል?»

«ደጋግማ ነው ያለችኝ» አለች ኬንድራ። «አልነግርም እላታለሁ፤ ማለቷን ረስታ እንደገና ትለኛለች። እንደገና አልነግርም እላታለሁ። እንዲህ እያለች ነው የተኛችው።»

«ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት እርስዎ በቤቱ አልነበሩም።»

«አልነበርኩም።»

«ስለዚህ በዚያን ጊዜ ነቅታ ይሁን አትሁን፣ ፈልጋ ይሁን አትሁን፣ እርስዎ ሊያውቁ አይችሉም።»

«አልነበርኩም» አለች እንደገና።

ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወይዘሮ ፔል መነጽራቸውን አስተካክለው «የሚጨምሩት አለ?» አሉ፤ ለሁሉም ምስክር እንደሚሉት። ኬንድራ ወንድሟን አየችው። በዓይኑ ጨርሰሻል፣ በቃ፣ ተነሺ ይላት ነበር። ልጆች ሳሉ አባታቸው ፊት ቆመው ሲጠየቁ የሚያያት አስተያየት ነው።

«አለ» አለች። «ስለዚያ ሰዓት ወንድሜ ራሱ የነገረኝ ነገር አለ። ሲገባ ኤሊስ ‹ኬንድራ፣ አንቺ ነሽ?› አለችው። የጠራችው እኔን ነው። እኔ የተመለስኩ መስሏት ነው ቦታ የለቀቀችው። ምን መለስክላት አልኩት። ዝም አልኩ አለኝ።»

ሚስተር ስታንተን ከወንበሩ ተነስቷል። «ይህ በወንድምና በእህት መሐል የተባለ ወሬ ነው፤ በአጣሪዋ ዘገባ ውስጥ የለም፤ ዕረፍት እንጠይቃለን» አለ። ወይዘሮ ፔል እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሚስተር ህሩስካ፣ እህትዎ የተናገሩትን ሰምተዋል። እንዲመልሱ አይገደዱም። መልስ ካለዎት ግን እሰማዎታለሁ።»

ጠበቃው እጁን ጋሬት ክንድ ላይ ጫነ።  ጋሬት አልነገርኳትም ቢል ነገሩ የእሷ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ይሆን ነበር። ኬንድራ እንዲያ እንዲል ጠበቀች።

«ብላለች» አለ ጋሬት።

«‹ኬንድራ፣ አንቺ ነሽ?› ብላለች?»

«አዎ።»

«እርስዎስ?»

«ዝም አልኩ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ነቅታ ነበር ማለቴ እኮ ነው። ታወራ ነበር፤ ማለት...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። የተናገረውን አሁን ገና በሌሎች ጆሮ የሰማው ይመስል ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ወደ ስክሪኑ ቀና አለ። ኤሊስ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ያንን ነገር ማለቷን እሷም አታውቅም ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ የጓደኛዋን ስም መጥራቷን ገና አሁን፣ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል መስማቷ ነው። ትንሽ ቆይቶ በእሷ በኩል ያለው ስክሪን ጠፋ።

ኬንድራ ስትወጣ አባቷ ከመቀመጫው ተነሳ። በሩ ስስ ስለነበር ምን ያህሉን እንደሰማ አላወቀችም። ኮፍያውን አጠለቀና ሳይጠብቃት ደረጃውን ወረደ።

ውሳኔው ሚያዝያ ላይ ተነገረ። ጋሬት ጥፋተኛ ተባለ፤ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተ። ጠበቃው ይግባኝ አለ፤ ውሳኔው ጸና። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ገጽ ላይ ግን የወጣው «ጋሬት ህሩስካ በግል ምክንያት ከቡድኑ ተለይቷል፤ መልካም ዕድል እንመኝለታለን» የሚል ነበር። ፎቶው ከጂምናዚየሙ ኮሪደር አልወረደም። ኤሊስ ፎቶው ለምን እንዳልወረደ ለመጠየቅ ሚስተር ዱኬት ቢሮ ሄደች። «ውጤቱ እኮ ውጤት ነው፤ ታሪክ አይፋቅም» አሏት። ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ የምትገባው በኋላ በር ነው።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ ማለት አይቻልም፤ ቁርስ ቤቱ ውስጥ አብዛኛው ሰው በአንድ ወገን ነበር። አስተናጋጇ ለኬንድራ ቡና ስትቀዳ ቀና ብላ አታያትም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከጀርባዋ «የገዛ ወንድሟን» ሲል ሰማችው፤ ወደ ሽማግሌው ዞራ «አዎ፣ የገዛ ወንድሜን» አለችው። ሽማግሌው ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ኤሊስ ቡድኑን አልለቀቀችም። ሁለቱ እንደ ድሮው አልሆኑም። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ኤሊስ የጫማ ማሰሪያዋን እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ «ያን ዕለት ባትናገሪው ኖሮ ስምሽን መጥራቴን በጭራሽ አላውቅም ነበር» አለች።

«ባታውቂው ይሻልሽ ነበር?»

«አላውቅም። አንዳንድ ቀን አዎ።» ማሰሪያውን ፈታ ጨረሰች። «አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ጠርቼ ነበር እላለሁ።» ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። በማግስቱ ኬንድራ ኳስ ስታነሳላት ግን በሰዓቱ ዘለለች።

ኬንድራ ወደ ቤት የሄደችው በሰኔ ነው። እናቷ ናት ነይ ያለቻት። ጋሬት የአሳማዎቹ በረት ውስጥ ነበር፤ ጢሙን አሳድጎ፣ የጎማ ቦት አድርጎ። አካፋ አቀበላትና አብረው መዛቅ ጀመሩ። 

«መናገር እችል ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹አይደለም፣ ጋሬት ነኝ› ማለት። ሦስት ቃል ነው። ለምን አላልኩም እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።»

«ለምንስ ነው?»

አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። «ብላት ኖሮ ውጣ እንደምትለኝ ስለማውቅ ይመስለኛል።»

ኬንድራ መዛቋን ቀጠለች። ሊያቅፋት ፈልጎ እንደሆነ እጁን ዘረጋ አድርጎ መልሶ ሰበሰበው።

«ለእሷ ብጽፍላትስ?» አለ።

«አልጠየቀችህም። አትጻፍ። ከጠየቀችህ ያን ጊዜ ይሄን የነገርከኝን ንገራት። ሌላ ነገር አትጨምር።»

«አንቺስ? ትቀየሚኛለሽ?»

«አዎ» አለችው። «ግን መጥቻለሁ።»

ኖርማ ለራት ጠራቻቸው። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋና በቆሎ ነበር። ሌላንድ ሴት ልጁ ስትገባ ሳህኑን አንስቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ከጉባኤው ወዲህ ኬንድራ ለእናቷ ስትደውል እንኳ ክፍሉን ይለቃል። ኖርማ በመስኮቱ አየችው፤ ከዚያ የራሷን ሳህን አስቀምጣ ለኬንድራ በቆሎ ጨመረችላት። ሦስቱ በልተው ሲጨርሱ ሌላንድ ባዶ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። ማጠቢያው ውስጥ ጣለውና ጀርባውን እንደሰጣቸው፣ «ጠዋት የመኪናሽን ዘይት ሳትቀይሪ እንዳትሄጂ» አለ።

«እሺ፣ አባዬ» አለች ኬንድራ።